ወጣት ሳንባ ለምን አይጮህም? ከባድ ብረቶችና የሃያዎቹ ዕድሜ

ደረጃ ሮጦ የሚወጣ የ22 ዓመት ወጣት ሳንባውን የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም። ኳስ ይጫወታል፣ ይጨፍራል፣ ጉንፋን ሲይዘው ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ እንኳ ደረቱን አዳምጠው «ንጹህ ነው» ብለው ይሸኙታል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። በዚህ ዕድሜ የሚደርስ ጉዳት በሳል ወይም በትንፋሽ ማጠር ብዙም አይገለጽም። ሳንባው መድረስ ከነበረበት አቅም በታች ይቀራል፣ በቃ። ያንን ደግሞ ካልለኩት በቀር ማንም አያየውም።

ሳንባ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ አይወለድም። በልጅነትና በጉርምስና እያደገ ይመጣል። ሴቶች ላይ ወደ 20 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች ላይ ደግሞ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ይደርሳል። ለጥቂት ዓመታት እዚያው ይረጋል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጤነኛ የሆነና የማያጨስ ሰው እንኳ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በኃይል ማስወጣት የሚችለው አየር በየዓመቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀንሳል። ይህ ያለ ነገር ነው። እርጅና ነው።

እንግዲህ በ60 ዓመቱ አንድ ሰው ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚተርፈው የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከየት ከፍታ ተነሳ፣ በምን ፍጥነትስ ወረደ። ለረጅም ጊዜ የሕክምናው ዓለም ትኩረት ፍጥነቱ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ግን ሌላውን ግማሽ አሳየ። ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቁልቁለታቸው ከሌላው ሰው የተለየ አልነበረም። ገና 40 ዓመት ሳይሞላቸው የሳንባ አቅማቸው ዝቅ ያለ ነበር። ማለትም በሽታው በ60 ዓመት ስም ቢያገኝም መንገዱ የተጠረገው በወጣትነት ነው።

ከባድ ብረቶች የወጣትን ሳንባ ይጎዳሉ ወይስ አይጎዱም የሚለውን ክርክር በዚህ ዓይን ካላየነው መስመር እንስታለን። ጥያቄው «ከነዚህ ብረቶች አንዱ፣ ካድሚየም፣ የነካው ወጣት ታመመ ወይ?» ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ «አልታመመም» ነው። ጥያቄው «መድረስ ያለበት ላይ ደረሰ ወይ?» ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

## ሰውነት የማያፈርሰው ነገር

ከባድ ብረቶች ስንል እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ኒኬል፣ ክሮሚየምና መሰሎቻቸውን ነው። አርሴኒክ በኬሚስቶች ሚዛን ሙሉ ብረት ባይሆንም በባህሪው ከነሱ ስለማይለይ አብሮ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ለመደናገር ስለሚመች አንድ ነገር ላስቀድም፤ በደም ውስጥ ያለውንና ሐኪሞች የሚያዙትን ንጥረ ነገር «አይረን» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሳንባ ውስጥ በአማካይ ወደ 480 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። ኦክስጅን በቀላሉ እንዲያልፍ የተሠራ ስለሆነ፣ ለሌላውም መግቢያ ይሆናል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል። ቀጥሎ ያለውን በአየር ቱቦዎች ላይ ያለው ንፍጥና ጥቃቅን ፀጉር ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። ከ2.5 ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነው ግን እስከ ከረጢቶቹ ይዘልቃል። ብረት ቀልጦና ተንኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጭስ ደግሞ ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትርም ያንሳሉ። ለዓይን ጭስ ይመስላል እንጂ የደቀቀ ብረት ነው።

እዚያ ሲደርስ የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ይውጡታል። ባክቴሪያ ቢሆን ፈጭተው ይጨርሱት ነበር። ብረት ግን ንጥረ ነገር ነው፤ ቢያኝኩትም ያው ነው። አይረን፣ መዳብና ክሮሚየም የመሳሰሉት ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን ያቀጣጥላሉ። ካድሚየም ደግሞ ዚንክንና ካልሲየምን እየመሰለ ቦታቸውን ይይዛል፣ የሴሉን መከላከያ ያሟጥጣል። ጠባቂዎቹ የእርዳታ ጥሪ ያሰማሉ፣ ሌሎች ሴሎች ይመጣሉ፣ ሳንባው ይቆጣል። አንድ ጊዜ ከሆነ ይሽራል። በየቀኑ ከሆነ ግን የሚጎዳው የራሱ የሳንባው ሥጋ ነው።

ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ የሚነገር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልገፋሁበት። ነገር ግን ታሪክ ራሷ ሁለት ጊዜ ሙከራውን ሠርታልናለች። ሁለቱም በዝርዝር መታየት ያለባቸው ናቸው።

## ፋብሪካው የተዘጋበት ዓመት

አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ በተራሮች የተከበበ ሸለቆ አለ። በክረምት ቀዝቃዛ አየር ከታች ይታፈንና ጭሱ መውጫ ያጣል። በሸለቆው ጄኔቫ ስቲል የሚባል ትልቅ የብረት ማቅለጫ ነበር። ከኦገስት 1986 እስከ ሴፕቴምበር 1987 ድረስ ከሠራተኞች ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ተዘጋ። ከዚያ እንደገና ተከፈተ።

አርደን ፖፕ የሚባል በዚያው አካባቢ የሚያስተምር የምጣኔ ሀብት ሰው የሆስፒታል መዝገቦችን አገላበጠ። ሐኪም አይደለም፣ ቁጥር ማንበብ ግን ያውቅበታል። ያገኘው ይህ ነው፤ ፋብሪካው በሚሠራባቸው ክረምቶች በብሮንካይትስና በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ሕጻናት፣ ፋብሪካው ከተዘጋበት ክረምት ጋር ሲነጻጸሩ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነበሩ። ሕዝቡ ያው፣ አየር ንብረቱ ያው፣ ሆስፒታሎቹ ያው። የጎደለው ጭሱ ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ ሰው «ምናልባት ያን ዓመት የጉንፋኑ ቫይረስ ቀለል ብሎ ቢሆንስ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጊዜውም ተጠይቋል። መልሱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የአየር መለኪያ ጣቢያዎቹ የዚያን ዘመን አቧራ የያዙ ማጣሪያዎችን አስቀምጠው ኖሯል። ተመራማሪዎች አቧራውን በውሃ አውጥተው ሦስት ናሙና አዘጋጁ፤ ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት፣ ተዘግቶ ሳለና እንደገና ከተከፈተ በኋላ። ከዚያ ጤነኛ ፈቃደኞችን አገኙና በቀጭን ቱቦ በኩል እኩል መጠን ያለው አቧራ ወደ ሳንባቸው አስገቡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ቦታ አጥበው ፈሳሹን መረመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። ፋብሪካው ሲሠራ የተሰበሰበው አቧራ ሳንባውን አስቆጣ። ተዘግቶ ሳለ የተሰበሰበው፣ ክብደቱ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ያን ያህል አላስቆጣም። ልዩነቱ ከውስጡ ባለው ብረት ላይ ነበር፤ ፋብሪካው የሚሠራበት ዘመን አቧራ በብረቶች የበለጸገ ነበር።

ይህ ጥናት ለእኔ ትልቅ ነገር ያስተምራል። የአየር ጥራት መለኪያዎች የሚነግሩን የአቧራውን ክብደት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያም ለጥቃቅኑ አቧራ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይላል። ክብደቱ ግን ምን እንደተሸከመ አይናገርም። ከባህር ዳርቻ የመጣ የጨው ቅንጣትና ከማቅለጫ የወጣ ካድሚየም በሚዛኑ ላይ እኩል ይቆጠራሉ። ሳንባ ግን እኩል አይቆጥራቸውም።

## በውሃ የመጣ የሳንባ በሽታ

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ይገርማል፤ አየርን አይነካምና። ቦታው ሰሜናዊ ቺሌ ነው፤ አንቶፋጋስታ የምትባል በአታካማ በረሃ ጫፍ ያለች የወደብ ከተማ። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ውሃ አጠራት። በ1958 ከአንዲስ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ውሃ ተጠለፈላትና ቧንቧው ሞላ። ችግሩ የተራራው ውሃ አርሴኒክ ይዞ መምጣቱ ነው፤ በሊትር 870 ማይክሮግራም ገደማ። የዛሬው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 10 ነው። የማጣሪያ ጣቢያ እስኪተከል ድረስ፣ እስከ 1970፣ ከተማው ሁሉ ይህንን ጠጣ። ነፍሰ ጡሮችም ጠጡ፣ ሕጻናትም ጠጡ።

ከዚያ ውሃው ጸዳ፣ ጉዳዩም ያለቀለት መሰለ። አለን ስሚዝ የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ግን በ2006 ባወጡት ጥናት በ1990ዎቹ ዓመታት ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ የሞቱትን ሰዎች መዝገብ መረመሩ። በዚያ የመከራ ዘመን የተወለዱት፣ ማለትም አርሴኒኩ በእናታቸው ማህፀንም በልጅነታቸውም ያገኛቸው፣ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከተቀረው ቺሌ ስድስት እጥፍ ገደማ ነበር። ብሮንካይክታሲስ በሚባለው የአየር ቱቦዎች ተለጥጠውና ተበላሽተው በሚቀሩበት በሽታ የሞቱት ደግሞ 46 እጥፍ ሆኑ።

አርባ ስድስት እጥፍ። በሕዝብ ጤና ጥናት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር እምብዛም አይገኝም። የተለመደው ጭቅጭቅ ስለ አንድ ተኩልና ስለ ሁለት እጥፍ ነው።

እነዚህ ሰዎች በ20 ዓመታቸው ምን ይመስሉ ነበር? ብዙዎቹ እንደ ማንኛውም ወጣት። ውሃው ከጸዳ በኋላ ነው ጎልማሳ የሆኑት። ሳንባቸው ሲሠራ የገባው መርዝ ግን አብሯቸው አደገ። ለዚህ ነው «አሁን ምን ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄ ለወጣት ብዙም የማይጠቅመው። ሌላም ትምህርት አለው፤ ሳንባን የሚጎዳ ሁሉ በአፍንጫ አይገባም። የተዋጠ አርሴኒክ በደም ዞሮ ሳንባን ያገኘዋል። በባንግላዴሽም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከወንዝ ውሃ ተቅማጥ ለማዳን በገፍ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አርሴኒክ ይዘው ተገኝተዋል። ሰዎቹ ከጀርም ሸሽተው ብረት ላይ ወደቁ።

## በገዛ እጅ የሚገባው

ፋብሪካና የከተማ ውሃ ወጣቱ የሚመርጣቸው ነገሮች አይደሉም። ሲጋራ ግን ሌላ ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያው።

የትምባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር እየመጠጠ ቅጠሉ ላይ ያከማቻል። ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያም ካድሚየሙን ወደ አፈሩ ይጨምራል። አንድ ሲጋራ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ካድሚየም አለው። ሁሉም ወደ አጫሹ አይገባም፣ የሚገባው ክፍል ግን ከምግብ ከሚመጣው በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ያልፋል። አንጀት የሚያሳልፈው ካድሚየም በመቶኛ ትንሽ ነው፣ ሳንባ ግን እጁ ሰፊ ነው። አጫሾች ደም ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም ከማያጨሱት አራትና አምስት እጥፍ ነው የሚሆነው። አንዴ ኩላሊት ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። በ18 ዓመቱ ጀምሮ በ25 ያቆመ ሰው ማቆሙ ትልቅ ጥቅም አለው፣ በካድሚየም በኩል ግን የሰባት ዓመቱ ሒሳብ ገና አልተዘጋም።

የውሃ ትምባሆ፣ ሺሻ የሚባለው፣ ውሃው ያጣራዋል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። ስለሚቀዘቅዝም ጠለቅ አድርጎ መሳብ ይመቻል። እርሳስ፣ ኒኬልና ክሮሚየም በሺሻ ጭስ ውስጥ ተገኝተዋል።

ወደ ቬፕ፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ እንምጣ። ትምባሆ የለበትም፣ የሚነድ ነገርም የለም፣ ስለዚህ ብረት ከየት ይመጣል? ከመሣሪያው ራሱ። ፈሳሹን የሚያሞቀው ጥቅል ሽቦ ብዙ ጊዜ ከኒኬልና ከክሮሚየም የተሠራ ነው። ብየዳውና መጋጠሚያውም አለ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 የታተመ ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን የራሳቸውን መሣሪያዎች ወስዶ መረመረ። ከጠርሙሱ በቀጥታ የተወሰደው ፈሳሽ ብዙ ብረት አልነበረበትም። መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ከሽቦው ጋር የከረመው ፈሳሽ ግን እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና ዚንክ በብዛት ይዞ ተገኘ። እንፋሎቱም ይዟቸው ወጣ።

ይህ ዝርዝር ትልቅ ትርጉም አለው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው የይዘት ዝርዝር ሐቅ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው የሚስበው ግን ሌላ ነው። ተጠቅመው የሚጥሏቸው ቬፖች ላይ በ2025 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራ ምርመራም አንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስ ካለበት የነሐስ ክፍል እርሳስ ወደ ፈሳሹ እንደሚገባ አሳይቷል።

«ከሲጋራ ይሻላል» የሚለው ክርክር ለቆየ አጫሽ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አጭሶ ለማያውቅ የ19 ዓመት ልጅ ግን ማነጻጸሪያው ሲጋራ ሊሆን አይገባም፤ ንጹህ አየር ነው። ይህን ማነጻጸሪያ መቀያየር፣ በእኔ ዕይታ፣ የዚህ ንግድ ትልቁ ብልጠት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። አይረን ያነሰው ሰውነት አይረንን ለመያዝ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ካድሚየምም በዚያው በር ይገባል፤ አንጀት ሁለቱን የሚያስገባው በአንድ ማጓጓዣ ነው። በወር አበባ ምክንያት አይረን የሚያንሳቸው ወጣት ሴቶች ባያጨሱም ካድሚየማቸው ከወንዶች ከፍ ብሎ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የደም ማነስን ማከም ደምን ብቻ የሚጠቅም አይደለም ማለት ነው።

## ማታ የሚመጣው ትኩሳት

ሥራ ላይ ያለው ተጋላጭነት ከሁሉም ይከብዳል፣ ብዙውን ጊዜም ወጣቱን ነው የሚያገኘው። አዲስ ገቢው ነው ጠባቡ ቦታ የሚገባው፣ እሱ ነው «ማስክ አለ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያፍረው።

ብየዳን እንይ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ዚንኩ ተንኖ ነጭ ጭስ ይሆናል። በያጁ ቀኑን ሠርቶ ቤቱ ይገባል። ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጥመዋል፣ ትኩሳት ይነሳል። ጉንፋን ይመስላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል። ዕንግዳው ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ቅዳሜና እሁድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ እንደገና ይነሳበታል። የቀድሞ ሠራተኞች የሰኞ ትኩሳት ይሉት የነበረው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሠራተኛው ትኩሳቱን ስለለመደው «የሥራው ባህሪ ነው፣ ያልፋል» ይላል። አለቆቹም ይሉታል። ወተት ጠጣበት የሚለውም አይጠፋም፤ ወተት ግን ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የሚበየደው ብረት በካድሚየም የተለበጠ ይሆናል፣ ወይም ማጣበቂያው የብር ዘንግ ካድሚየም ይኖርበታል። አጀማመሩ ያው ነው፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ሳል። ልዩነቱ አለመልቀቁ ነው። በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ከተረፈም ሳንባው ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ከብየዳ በኋላ የመጣ ትኩሳት በሁለተኛው ቀን እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተከተለው፣ ተኝቶ ማሳለፍ አያዋጣም። ድንገተኛ ክፍል ሄዶም «ብየዳ ላይ ነበርኩ» ማለት ያስፈልጋል፤ ካልተነገረ ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ሊያክመው ይችላል።

አይዝጌ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል አለበት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 የብየዳን ጭስ በአጠቃላይ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ጎራ መድቦታል። ካንሰሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ቶሎ የሚመጣም አለ፤ በያጆችን የሳንባ ምች ከሌላው ሠራተኛ ይበልጥ ያጠቃቸዋል። በብሪታንያ ለብረት ጭስ በተደጋጋሚ የሚጋለጡ ሠራተኞች የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባት እንዲወስዱ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከማስክ በፊት ጭሱን ከምንጩ መሳብ ነው። ከበያጁ ፊት ሳይደርስ ጭሱን የሚጎትት መሳቢያ፣ ብረቱ የተለበጠበትን ከመበየድ በፊት መፋቅ፣ ከጭሱ አምድ ፊትን ማራቅ። ማስክ ቢሆንም ለቅንጣት የተሠራና ፊት ላይ ግጥም የሚል እንጂ ቀጭኗ የሕክምና ማስክ አይደለችም። እሷ የተሠራችው ከለባሹ አፍ የሚወጣውን ለማስቀረት ነው።

እርሳስና ሜርኩሪን ቶሎ ልለፋቸው። ለእነሱ ሳንባ በዋነኛነት በር ነው፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው። እርሳስ በአጥንት ውስጥ አሥርት ዓመታትን ይቀመጣል፣ ለእርሱ ምንም ዓይነት ደህና የሚባል መጠን አልታወቀም። በቤንዚን ውስጥ መጨመር የጀመረው በ1920ዎቹ ሲሆን ለመኪና መሸጡን ያቆመችው የመጨረሻ አገር አልጄሪያ ናት፣ በ2021። በፒስተን የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ግን አሁንም እርሳስ አለበት። የሜርኩሪ፣ የባዜቃው፣ እንፋሎት ከተሳበ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ፈሳሹ ቢዋጥ የሚገባው ከቁጥር አይቆጠርም። ወርቅን ከባዜቃ ጋር አዋህዶ በእሳት የሚለይ ሰው አደጋው እጁ ላይ ሳይሆን ትንፋሹ ላይ ነው።

## ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

ከዚህ በኋላ ነገሩን ማጋነን ቀላል ነው። አልፈልግም። በየአገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ደምና ትንፋሽ ለክተው «ካድሚየሙ ከፍ ያለው ሰው የሳንባ አቅሙ ዝቅ ይላል» የሚሉ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ሁለቱንም የለኩት በአንድ ቀን ነው። የትኛው የትኛውን እንደቀደመ አይናገሩም። ካድሚየምና ሲጋራ ደግሞ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ጉዳቱ የካድሚየሙ ነው ወይስ በጭሱ ውስጥ ያሉት የሌሎቹ ሺህ ነገሮች? ብረቶች ራሳቸውም ተነጣጥለው አይመጡም። በያጅ የሚስበው አንድ ብረት አይደለም።

ቢሆንም ሁለት ነገር ሚዛኑን ያጋድልልኛል። አንደኛው የዩታውና የቺሌው ዓይነት ማስረጃ ነው፤ አንዱ ምንጩ ሲዘጋ ለውጡ ታየ፣ ሌላው የተጋለጡትና ያልተጋለጡት በዓመት ተለይተው ይታወቃሉ። ሁለተኛው ከደቡብ ካሊፎርኒያ የመጣው ነው። እዚያ ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው ተከታትለው ነበር። በ2004 የወጣው ውጤት በጣም በተበከለው ከተማ ያደጉት በ18 ዓመታቸው የሳንባ አቅማቸው ዝቅተኛ የመሆን ዕድሉ በንጹሁ ከተማ ካደጉት አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። ከዚያ አየሩ በሕግ እየጸዳ ሄደ። በ2015 ደግሞ ተከታዮቹን ትውልዶች ሲያነጻጽሩ፣ በ15 ዓመታቸው ዝቅተኛ አቅም ያላቸው ልጆች ከ7.9 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወርደው ተገኙ።

ይህ ስለ ጠቅላላው የአየር ብክለት ነው እንጂ ስለ ብረት ብቻ አይደለም። ግን የማደግ ጣሪያው ተንቀሳቃሽ እንደሆነ፣ ከፍም ዝቅም እንደሚል ያረጋግጣል። ያንን ከፍታ ያመጣው ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ያደረገው ጥንቃቄ አልነበረም። የናፍጣ ሞተርና የፋብሪካ ሕግ ነው።

## ምርመራው

አሁን ጥያቄው «እኔስ?» ነው። በመጀመሪያ ማድረግ የሌለባችሁን ልንገራችሁ። ፀጉራችሁን ቆርጣችሁ በፖስታ ልካችሁ «ሰውነታችሁ በብረት ተሞልቷል» የሚል ባለቀለም ወረቀት የሚመልሱ ንግዶች አሉ። ፀጉር ከውጭም አቧራና ሻምፑ ይይዛል፣ ለውሳኔ አያበቃም። ከዚያ ተከትሎ የሚሸጠው «ማጽጃ» ደግሞ ይብሳል። ብረትን ከደም የሚጎትቱ መድኃኒቶች እውነት አሉ፤ ለከባድ የእርሳስ መመረዝ በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። ካልሲየምንም አብረው ሊጎትቱ ስለሚችሉ ያለአግባብ ተሰጥቷቸው የሞቱ ሰዎች አሉ። ለዓመታት የተከማቸን ካድሚየም በማውጣት ረገድም የሚረቡ አይደሉም።

ትክክለኛው ምርመራ እንደ ብረቱ ይለያያል። እርሳስ በደም ይለካል። ካድሚየም በደም ሲለካ ይበልጥ የቅርቡን፣ በሽንት ሲለካ የረጅም ዘመኑን ክምችት ያሳያል። አርሴኒክ በሽንት ነው፤ የሚያሳየውም የጥቂት ቀናቱን ብቻ ነው። ከምርመራው በፊት በነበሩት ቀናት የባህር ምግብ የበላ ሰው ቁጥሩ ሊያስደነግጠው ይችላል፤ በውስጡ ያለው የአርሴኒክ ዓይነት ግን ጉዳት የሌለው ነው።

ሳንባው ራሱ የሚለካው በስፓይሮሜትሪ ነው። አፍ ላይ ቱቦ ይደረጋል፣ እስከ ጥግ ይሳባል፣ ከዚያ ሳንባው እስኪሟጠጥ በኃይል ይነፋል። ሐሳቡ የ1840ዎቹ ነው፤ ጆን ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ያመጣው። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ መርፌ የለውም። ለወጣት ግን እምብዛም አይታዘዝም፣ ምክንያቱም ወጣት አያስልም።

በብየዳ፣ በባትሪ መፍታት፣ በማቅለጥ፣ በቀለም መርጨት ወይም በወርቅ ማጣራት ሥራ የሚገቡ ከሆነ ይህ ምርመራ ሥራው ሲጀመር መሠራት አለበት። የሚያጨስ ወይም ቬፕ የሚስብም ቢሠራ አይከፋም። ወረቀቱን ደግሞ አትጣሉት። ስፓይሮሜትሪ ውጤቱን የሚሰጠው በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ከእናንተ ጋር ከሚመሳሰሉ ጤነኛ ሰዎች አማካይ ጋር በመቶኛ እያነጻጸረ ነው። 85 በመቶ የሚል ቁጥር ያየ ሐኪም «ደህና ነህ» ይላል፤ በሠንጠረዡ መሠረት ደህና ነው። ያው ሰው ከአምስት ዓመት በፊት 105 በመቶ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ ግን አንድ አምስተኛ የሚሆነው አቅሙ የት እንደገባ መጠየቁ አይቀርም።